ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ

የከተማ በጀት በጸደቀ ማግስት «ትምህርት ትልቁን ድርሻ ወሰደ» ሲባል እንሰማለን። ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ያ ድርሻ ወደ ሒሳብ መደቦች ሲወርድ መልኩ ይለወጣል። 6111 የቋሚ ሠራተኞች ደመወዝ ነው። 6131 መንግሥት እንደ አሠሪ ለጡረታ የሚያዋጣው 11 በመቶ ነው። እነዚህ ሁለቱ ከተነሡ በኋላ የምትቀረው ትንሽ ናት፤ እሷኑ 6257 መብራት፣ 6258 ስልክ፣ 6259 ውሃ፣ የጽሕፈት ዕቃና ውሎ አበል ይሻሙባታል። ጠመኔ፣ የፈተና ወረቀት፣ የተሰበረ ዴስክና የሚያፈስ ጣራ የሚጠብቁት ከዚህ ሽሚያ የተረፈውን ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚተርፍ የለም።

የመምህራን ደመወዝ በዛ ለማለት አይደለም። በ2017ም ሆነ በ2018 የተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ ዘገየ እንጂ አልበዛም። ችግሩ ሌላ ነው፦ ደመወዝ ሲጨምር ጠቅላላ በጀቱ በዚያው ልክ ካላደገ ቅነሳው የሚያርፈው በዚህችው ቁራጭ ላይ ነው፤ ደመወዝ አይነካምና። ስለዚህ የአንድ ከተማ የትምህርት በጀት በየዓመቱ እያደገ፣ በክፍል ውስጥ ያለው ልጅ ግን በየዓመቱ እየደኸየ ሊሄድ ይችላል። ባሕር ዳር ላይ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን እናግዝ የሚል ሁሉ መጀመር ያለበት ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ከደመወዝ ውጪ ያለው ገንዘብ በተማሪ ቁጥር ይሰላ፣ ለብቻው ይጻፍ፣ በጊዜው ትምህርት ቤቱ እጅ ይግባ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለው ባሕር ዳር ሁለት ኪስ አላት። አንደኛው ከክልሉ የሚመጣው ጥቅል ድጎማ ከተማዋ ከምትሰበስበው ግብር ጋር ተደምሮ ለትምህርት፣ ለጤናና ለመሳሰሉት መደበኛ የመንግሥት ሥራዎች የሚውለው ነው። ሁለተኛው ማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ ነው፦ ሊዝ፣ የቦታ ኪራይ፣ የልዩ ልዩ አገልግሎት ክፍያ። ይኸኛው ለመንገድ፣ ለጎርፍ መውረጃ፣ ለጽዳት፣ ለመንገድ መብራት ይውላል። ትምህርት ቤት የተመደበው በመጀመሪያው ኪስ ስለሆነ ሁለተኛው ኪስ ውስጥ ሥራ ሲታቀድ የትምህርት ቤት ስም አይነሣም። የሚነሣ ከሆነም አንድ ሕንፃ ሊመረቅ ሲል ነው።

አዲስ አበባ ከ2012 ጀምሮ የተማሪዎች ምገባን፣ ዩኒፎርምንና ደብተርን ከራሷ በጀት ስትሸፍን ያየ የባሕር ዳር ወላጅ «እኛስ?» ቢል አይፈረድበትም። አዲስ አበባ ግን የፌዴራል ጥቅል ድጎማ ሳትጠብቅ በራሷ ገቢ የምትተዳደር ከተማ ናት። ባሕር ዳር ያንን ፕሮግራም እንዳለ ልውሰድ ብትል በመጀመሪያው ዓመት ታስጀምረውና በሁለተኛው ትተወዋለች፤ ተጀምሮ የተቋረጠ ምገባ ደግሞ ካልተጀመረው ይብሳል፤ ልጁ ቁርሱን ትምህርት ቤት እበላለሁ ብሎ መጥቶ ሳይበላ ይውላል። ከተማዋ በየዓመቱ ልትደግመው የምትችለውን ትንሽ ነገር ብትይዝ ይሻላል።

ትንሽ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በቁጥር ላሳይ። 1,200 ተማሪ ያለው አንድ ትምህርት ቤት እንውሰድ። ስምንት የትምህርት ዓይነት፣ በየሴሚስተሩ አንድ የአጋማሽና አንድ የማጠቃለያ ፈተና፣ በዓመት አራት ጊዜ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ፈተና ሁለት ሉህ ብቻ ብንመድብ 76,800 ሉህ ይሆናል። አንድ ደስጣ 500 ሉህ ነውና ወደ 154 ደስጣ ይጠጋል። የማባዣው ቀለም፣ የማሽኑ ጥገና፣ የተበላሸው ሉህ አልተቆጠረም። ይህ ቁጥር የታወቀ ነው፤ ከዓመት ዓመት ብዙም አይለዋወጥም፤ ሐምሌ ላይ ሆኖ የሰኔን ፈተና ወረቀት ማወቅ ይቻላል። ሆኖም በየዓመቱ የፈተና ሰሞን እንደ ድንገተኛ አደጋ ይመጣል።

ወረቀቱ ሲጠፋ የሚሆነውን መምህራን ያውቁታል። ጥያቄው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ከክፍለ ጊዜው ሲሶው በመጻፍ ያልቃል፣ ከኋላ ወንበር ያለው አጥርቶ አያነብም፣ ምንባብና ሥዕል የሚጠይቅ ጥያቄ ጭራሽ ይቀራል። ፈረቃ ባለበት ትምህርት ቤት ደግሞ የጠዋቱ ጥያቄ ለከሰዓቱ ተማሪ ቀድሞ ይደርሳል። መምህሩ ይህን ስለሚያውቅ የሚቀለውን፣ ባጭር የሚጻፈውን፣ «እውነት ወይም ሐሰት» የሚያስብለውን ይመርጣል። ከዚያ ስለ ውጤት ማሽቆልቆል እንነጋገራለን። በ2014 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ብዙ ተባለ፤ አንድ ልጅ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በወረቀት የተፈተነው ስንት ጊዜ እንደሆነ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ወጪ ታስቦ በ2001 የተጀመረ የትምህርት ቤት ድጎማ አለ፤ መምህራን «ስኩል ግራንት» የሚሉት። ከአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፕሮግራም ጋር የመጣ ሲሆን ሲጀመር እንደ ክፍል ደረጃው ለአንድ ተማሪ ከ50 እስከ 70 ብር አካባቢ ይደርስ ነበር። በወቅቱ ትልቅ ነገር ነበር፤ ርዕሰ መምህሩ በራሱ ዕቅድ የሚያዝበት ገንዘብ በዚያ አየ። ሁለት ጉድለት ግን ከሥሩ አለበት። አንደኛው የገንዘቡ አቅም ነው፦ ወረቀቱም ቀለሙም በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ዕቃ ስለሆነ፣ በተለይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ ከተለወጠ ወዲህ፣ ያው ብር የሚገዛው ደስጣ እያነሰ ሄዷል። ሁለተኛው የሚሰላው ባለፈው ዓመት የተማሪ ቁጥር መሆኑ ነው።

ይህ ሁለተኛው ባሕር ዳር ላይ ከሌላው ከተማ በላይ ይጎዳል። በ2013 ከተጀመረው ጦርነት ወዲህ፣ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በቀጠለው ግጭት፣ ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ልጆች ወደ ከተማዋ መጥተዋል። ዘመድ ቤት የሚያርፉ ናቸው፤ ጥቅምትም ጥርም ይመጣሉ። ዓመታዊው የትምህርት መረጃ የሚሰበሰበው ግን በመጀመሪያው ሴሚስተር ነው። ጥር ላይ የገባ ልጅ ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት መረጃ ይመዘገባል፤ ገንዘቡ ከዚያም ወዲያ ይመጣል፣ ያውም ልጁ በዚያው ከቆየ። እስከዚያ ድረስ የሚማረው በሌሎች ልጆች ድርሻ ነው። ለአንደኛ ደረጃ መስፈርቱ በክፍል 50 ተማሪ ነው፤ ሰባና ከዚያ በላይ የገባበት ክፍል ሦስት ለሚቀመጡበት ዴስክ አራትና አምስት ያስቀምጣል።

ከተማ አስተዳደሩ እዚህ ላይ ማንንም ሳይጠብቅ ሊሠራ የሚችለው አለ። ለትምህርት ቤቶች ከሚመድበው ሥራ ማስኬጃ አሥር በመቶውን መጠባበቂያ አድርጎ ይያዝ። የካቲት ላይ ሁለተኛ ቆጠራ ይደረግ፤ ቅጹ የተማሪውን ስም፣ ክፍልና የገባበትን ቀን ብቻ ይጠይቅ፤ ሱፐርቫይዘሩ በአካል ተገኝቶ ይፈርምበት። መጠባበቂያው በዚያ ቆጠራ መሠረት ይከፋፈል። ልጆች ከወጡበት ትምህርት ቤት ላይ ግን አይቀነስ፤ የሚቀነስ ከሆነ ማንም እውነተኛ ቁጥር አይሰጥም።

ከገንዘቡ መጠን ይልቅ የሚያንገበግበኝ ጊዜው ነው። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይገባል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአብዛኛው ራሱን የቻለ የበጀት ተቋም አይደለም፤ ሒሳቡ በክፍለ ከተማው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር በፑል ይያዛል። ርዕሰ መምህሩ ሃያ ደስጣ ወረቀት ለመግዛት ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሦስት ፕሮፎርማ፣ ማለትም ከነጋዴዎች የዋጋ ማቅረቢያ፣ ይሰበስባል፣ ያስመራል፣ ያስወስናል። ዕቃው ሲገባ በሞዴል 19 ይመዘገባል፣ ሲወጣ በሞዴል 22። ሥርዓቱ በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ገንዘብ ያለ ፕሮፎርማና ያለ ሞዴል ሲንቀሳቀስ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ጥፋቱ የሚመጣው ፕሮፎርማው የሚያገለግለው ለጥቂት ቀን ሆኖ ውሳኔው ሳምንታት ሲወስድ ነው። ውሳኔው ሲደርስ ነጋዴው ዋጋ ጨምሯል፤ ርዕሰ መምህሩ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። በዚህ መሐል የሚያመልጠው ክፍለ ጊዜ የእሱ ነው፤ ክፍል ገብቶ መምህራንን ማየት ያለበት ሰው ቢሮ ለቢሮ ይዞራል።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ በተማሪ የተሰላው ገንዘብ በትምህርት ቤቱ የባንክ ሒሳብ በሁለት ጊዜ ይግባ፤ ግማሹ ነሐሴ ሳይወጣ፣ ቀሪው ጥር ላይ። የሚንቀሳቀሰው በርዕሰ መምህሩና በወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት ሰብሳቢ ጣምራ ፊርማ ይሁን። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሠራተኛ መቅጠር አይቻልም፤ ለእያንዳንዱ ጉድኝት ማዕከል፣ ማለትም ለተቀራረቡ ትምህርት ቤቶች ስብስብ፣ ግን አንድ መመደብ ይቻላል። እሱ በተወሰነ ቀን እየዞረ ደረሰኝ ያወራርዳል። የጋራ የሆነውን ወረቀትና ቀለም ጉድኝቱ ባንድ ላይ ቢገዛ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ፕሮፎርማውም አንድ ጊዜ ይሆናል። ገንዘብ ትምህርት ቤት ሲደርስ ይጠፋል የሚለውን ስጋት አልንቀውም። መልሱ ግን ገንዘቡን ክፍለ ከተማ ላይ ማስቀመጥ አይደለም። በየሩብ ዓመቱ የገባው፣ የወጣው፣ ለምን እንደወጣና የቀረው በአንድ ገጽ ተጽፎ በበሩ ላይ ይለጠፍ፤ የውስጥ ኦዲተሩ ደግሞ ሞዴል 19ን ይዞ መጋዘኑን ይቁጠር።

የጊዜው ነገር በጣራ ላይ ከሁሉ ይበልጥ ይታያል። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል። ትምህርት ቤት የሚዘጋውም በዚሁ ወቅት ነው። ጥገና በእረፍት ጊዜ ይሠራ ሲባል በወረቀት ላይ ያምራል፤ በክረምት ጣራ ማንሳት ግን ክፍሉን ለዝናብ መስጠት ነው። ገንዘቡ ኅዳር ላይ ሲለቀቅ ደግሞ ክፍሉ በተማሪ ሞልቷል። ትክክለኛው ጊዜ ሚያዝያና ግንቦት፣ ቅዳሜና እሑድ ነው። ያኔ ደግሞ የዓመቱ ሒሳብ መዝጊያ እየደረሰ ስለሆነ አዲስ ግዢ ይታገዳል። ስለዚህ ለጣራ የተያዘው ገንዘብ ከመዝጊያው እገዳ ውጪ እንዲሆን መጋቢት ላይ በደብዳቤ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ቆርቆሮና ሚስማሩ በዚያው ወር ተገዝቶ መጋዘን ይግባ።

ሲገዛም ርካሹ ውድ ነው። 32 ጌጅ ቆርቆሮ ስስ ነው፤ በረጅም ክፍል ላይ በማገሮቹ መካከል ይሰረጉድና ውሃ ያቁራል። 28 ጌጅ ዋጋው ይበልጣል፣ ዕድሜውም እንዲሁ። ከሁሉ በፊት የሚያፈሰው ግን ቆርቆሮው ሳይሆን ሚስማሩ ነው። ሚስማር በቆርቆሮው ከፍታ ላይ እንጂ በቦዩ ላይ አይመታም፤ ጎማውም አብሮ መኖር አለበት። የባሕር ዛፍ እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ከተሠራበት ሲደርቅ ይሸሽና ሚስማሩን ያላላዋል፤ ነፋስ ይጨርሰዋል። ካትራሜ መቀባት አንድ ክረምት ያሻግራል፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ሚስማሩን በየዓመቱ የሚያጠብቅ አንድ ሰው በቀን ሒሳብ መክፈል አዲስ ጣራ ከመጠየቅ በብዙ ይረክሳል።

ዴስክ ተቃራኒው ነው፤ ክረምት ላይ በጥላ ሥር ሊጠገን ይችላል። የሚሰበረው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፦ እግሩ ከአግዳሚው ጋር የተበየደበት። ቱቦላሬው ስስ ሲሆን ብየዳው ይቆርጠዋል። ጣውላው ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ሳለ ዴስኩ በሙሉ ከግቢው ጥግ ይጣልና ይዝጋል። በከተማዋ ያሉ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ሠልጣኞቻቸውን በብየዳ የሚያለማምዱት በዚሁ ዓይነት ብረት ነው። ከተማ አስተዳደሩ ኤሌክትሮድ፣ ቱቦላሬና ቀለም ቢያቀርብ፣ ዴስኮቹ ሰኔ መጨረሻ ተጭነው ሄደው ጳጉሜን ሳይገባ ይመለሳሉ። መጫኛ መኪና ከማዘጋጃ ቤቱ ይገኛል። ከመጫኑ በፊት ግን ዴስኮቹ በቁጥር ይጻፉ፤ ሳይጻፉ የሄዱ ዴስኮች ሲመለሱ የማን እንደሆኑ አይታወቅም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ኪስ ልመለስ፤ የከተማው እገዛ ትልቁ ዕድል እዚያ ነውና። ከአጥሩ ውጪና በአጥሩ ሥር ያለው ችግር አብዛኛው ማዘጋጃ ቤታዊ ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። መንገድ ከፍ ብሎ ሲሠራ ከጎኑ ያለው የትምህርት ቤት ግቢ ዝቅ ብሎ ይቀራል፤ የመንገዱ ውሃ ወደ ግቢው ይገባና መውጫ ያጣል። ትምህርት ቤቱ ይህን በጠመኔ በጀት ሊፈታው አይችልም። የመንገዱ ንድፍ ሲሠራ የግቢው ከፍታ አብሮ ቢለካ፣ መውረጃውም ከግቢው ዝቅተኛ ጥግ እንዲነሣ ቢደረግ ተጨማሪው ወጪ ጥቂት ነው። ልኬቱን የፖሊ፣ ማለትም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ተማሪዎች እንደ ተግባር ልምምድ ሊሠሩት ይችላሉ።

መጸዳጃ ቤት ሌላው ነው። በሐይቁ ዳር ባሉት ሰፈሮች ጥቂት ሜትር ሲቆፈር ውሃ ይወጣል። በሌላ ከተማ የሚሠራው ጥልቅ ጉድጓድ እዚህ ነሐሴ ላይ ከሥሩ በውሃ ይሞላና ይገነፍላል፤ የሚገነፍለውም ወደ ግቢውና ወደ ጣና ነው። እዚህ የሚያዋጣው ጉድጓዱን አሳጥሮ፣ ግድግዳውንና ታችኛውን በሲሚንቶ ደፍኖ፣ የመጸዳጃውን ወለል ከመሬት ከፍ አድርጎ ደረጃ መሥራት ነው። እንዲህ ያለው መጸዳጃ ቶሎ ስለሚሞላ መምጠጫ ቦቴ በመደበኛነት ካልመጣ አይሠራም። ብዙ ንድፎች የሚወድቁት እዚህ ነው፦ ቦቴው የሚገባበት በር አልተተወለትም፣ ወይም መጸዳጃው ከግቢው ጀርባ ተሠርቶ ቱቦው አይደርስም። ቦቴው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ግንቦት መጨረሻና ጥር ላይ፣ ያለ ክፍያ እንዲመጣ ከተማው ቢወስን ትምህርት ቤቶች ከሚያገኙት ብዙ የገንዘብ ስጦታ ይበልጣል። መጸዳጃው ሲዘጋ መጀመሪያ የሚቀሩት በዕድሜ ከፍ ያሉት ሴት ልጆች ናቸው፤ ወር በገባ ቁጥር ሁለት ሦስት ቀን ይቀራሉ፣ ከዚያ ትምህርቱ ያልፋቸዋል።

ስጦታን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ባለ ፎቅ ብሎክ ሠርቶ ማስረከብ መልካም ነው፤ የቀድሞ ተማሪዎችም ሆኑ በውጭ ያሉ ወገኖች ያደረጉት ሁሉ ያስመሰግናል። ነገር ግን ማንኛውም አዲስ ሕንፃ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ መብራትና ውሃ ይጠይቃል። ኮምፒውተር ሲሰጥ ኃይል መቆጣጠሪያ፣ የሚቆለፍ በርና ጠጋኝ ይፈልጋል። የርክክብ ሰነዱ ላይ «ለሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ማስኬጃው ከየትኛው የሒሳብ መደብ ይሸፈናል» የሚል መስመር ይግባበት፤ ከተማ አስተዳደሩ ካልሞላው ስጦታው ከመጽደቁ በፊት ውይይት ይደረግ።

የወላጅ መዋጮ መጨረሻ ላይ መምጣት ያለበት ነገር ነው። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ አሥረኛ ክፍል ትምህርት በነጻ ነው የተባለው በቀልድ አይደለም። የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱ በስብሰባ የወሰነው መዋጮ ሲኖር እንኳ መክፈል ያልቻለ ልጅ ከምዝገባ እንዳይመለስ በቃለ ጉባኤው ላይ በግልጽ ይጻፍ። አቅም ያላቸው ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ግል ትምህርት ቤት በወሰዱ ቁጥር በኅብረቱ ስብሰባ ላይ ደፍሮ የሚናገርም አብሮ ስለሚቀንስ፣ የቀሩት ወላጆች የተባሉትን ይፈርማሉ። ይህ ያሳስበኛል።

ከመዋጮ ይልቅ የውስጥ ገቢ ይሻላል፦ የአጥር ሱቆች ኪራይ፣ ጥቅምት ላይ በጨረታ የሚሸጥ ሣር፣ የአዳራሽ ኪራይ። ሱቆቹ ላይ የሚታየው ዋና ጉድለት ውሉ ለረጅም ዓመት በአንድ ዋጋ መታሰሩ ነው። ተከራዩ በበለጠ ዋጋ ለሌላ ያከራየዋል፤ ትርፉ ከትምህርት ቤቱ ያልፋል። ውሉ ከሁለት ዓመት አይብለጥ፣ ዋጋውም በአካባቢው ኪራይ ይከለስ።

ይህን ለማድረግ ግን ትምህርት ቤቱ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ያስፈልገዋል፤ ካርታ የሌላቸው አሉ። ካርታ ከሌለ የኪራይ ውል ደካማ ነው፣ አጥር ሲሠራ ጎረቤት ይከራከራል፣ ጫፍ ጫፉ በጥቂት በጥቂት ይወሰዳል። በተለይ በመሸንቲ፣ በዘንዘልማ፣ በጢስ ዓባይና በዘጌ በኩል ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ፣ ትናንት የገጠር የነበረው የትምህርት ቤት መሬት ዛሬ ዋጋው የሚፈለግ ቦታ ሆኗል። ካርታ መስጠት ለከተማው ከቀያሽ የሥራ ቀን ያለፈ ወጪ የለውም። ማመልከቻው ሲቀርብ መሬቱ ለትምህርት ቤት የተሰጠበት የቆየ ደብዳቤ ወይም ቃለ ጉባኤ፣ የአዋሳኞች ስምና ፊርማ፣ የአጥሩ ልኬት አንድ ላይ ይያያዝ። የአጥር ሱቆች ካሉ የኪራይ ውላቸውም ይጨመር፤ አለዚያ ቀያሹ ሱቆቹን ከግቢው ውጪ አድርጎ ሊለካቸው ይችላል፤ ያንን ማስተካከል ደግሞ ካርታውን ከማውጣት በላይ ጊዜ ይወስዳል።